ከሮቶ እስከ ጀልባ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። የሚዞሩትም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፦ ዋጋው ረከስ ያለ የፕላስቲክ ጀልባ ቀዘፋንና በነፋስ የሚነዳውን የሸራ ጀልባ ለተራው ሰው ሊያደርስ ይችላል ወይ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የውሃ ስፖርት ክበብ ለማቋቋም አስበናል። አንዱ ባልደረባችን «ጀልባ የባለጸጋ ነገር ነው፤ ተዉት» ይላል። ሌላው «ዘመኑ የፕላስቲክ ነው፤ ዋጋው ወርዷል፤ ማንም ሊቀዝፍ ይችላል» ባይ ነው። የቱ ልክ ነው? ለጀማሪስ መቅዘፊያ ይሻላል ወይስ ሸራ?
መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ስለ ቀዘፋ ከሆነ ሁለተኛው ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ስለ ሸራ ከሆነ ግን የተናገሩት ግማሹ ብቻ ያስኬዳል።

ፕላስቲክ በመጀመሪያ የቀየረው ጥገናውን ነው። የፋይበር ግላስ (በሙጫ የደረቀ የመስታወት ክር) ጀልባ ድንጋይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ለመጠገን ሙጫ፣ ልዩ ጨርቅ፣ ደረቅ ቦታና የሚያውቅ እጅ ይጠይቃል። ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ ግን ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። ልጆች ጠጠር ላይ ቢጎትቱት ይፋቃል እንጂ በቀላሉ አይቀደድም። ለክበብ ትልቁ ቁጠባ በየወሩ ለጥገና የማይወጣው ገንዘብ ነው፤ የመግዣ ዋጋው ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የጀልባው ቅርጽ ነው። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ዙሪያውን የተዘጋ ድፍን ቀፎ ነው፤ ቀዛፊው እግሩን ውስጥ አይከትም። ሲገለበጥ ሰውየው ወደ ውሃው ይንሸራተታል እንጂ ከጀልባው ሥር አይያዝም። ቀፎው ውሃ ስለማይሞላ ገልብጦ መልሶ በደረት መውጣት ብቻ ነው። ላዩ ላይ የፈሰሰው ውሃ በወለሉ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ጤነኛ ጀማሪ ቀጥ ብሎ መሄድን፣ መታጠፍንና ተገልብጦ መልሶ መውጣትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማራል። ሸራ ይህን ያህል ቶሎ እጅ አይሰጥም።

ስለ ሸራ ሲነሣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሸራ ጀልባን ለብዙ ሰው ካደረሱት መካከል ሁለቱ ፕላስቲክ አልነበሩም። ክላርክ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ ለልጆች የነደፈው ኦፕቲሚስት 2.30 ሜትር የሚረዝም ሣጥን መሰል የኮምፔርሳቶ ጀልባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ሚረር ደግሞ ተቆራርጦ በጥቅል ይሸጥ ነበር፤ ገዢው የኮምፔርሳቶውን ጠርዝ በመዳብ ሽቦ ሰፍቶ፣ በሙጫ አጣብቆ ቤቱ ይገጣጥመዋል። ከ70,000 በላይ ተሠርቷል። ፕላስቲኩ ቶፐር ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 መጣ፤ 3.40 ሜትር ይረዝማል፣ ቀፎው ብቻ 43 ኪሎ ይመዝናል። ወሳኙ የጥሬ ዕቃው ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሚረር ያን ያህል ቤት ባልገባ ነበር። የኦፕቲሚስትም መጨረሻ ያስተምራል፤ ውድድር ሲበዛ ኮምፔርሳቶው በፋይበር ግላስ ተተካ፣ ሸራው ተመረጠ፣ ለድሃ ልጅ የታሰበው ጀልባ ዋጋው ሰማይ ነካ። ክበባችሁ በመጀመሪያው ዓመት የውድድር ነገር ባያነሣ እንመክራለን።

ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከተማዋ በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ነፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ፊትን ያቀዘቅዛል፤ ሸራ ላይ ሲያርፍ ግን የሚገፋው በባሕር ጠለል ከሚገፋው አንድ አራተኛውን ቀንሶ ነው። «ነፋስ ሞልቶናል» ብለው ትንሽ ሸራ የገዙ ሰዎች ጀልባው ለምን እንደሚያንቀላፋ ግራ የሚገባቸው በዚህ ነው። የውሃው ስፋትም ሌላ ችግር ነው። 200 ሜትር ስፋት ባለው የመስኖ ግድብ በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚሄድ ጀልባ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ በኋላ ማዶ ይደርሳል። መዞርን ለማስተማር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን አያስኬድም።

ስለዚህ በመቅዘፊያ ጀምሩ። አምስት ወይም ስድስት ካያክ ይዛችሁ ተማሪዎቹን በፈረቃ አስቀዝፉ። ሸራ የወደዱትን በዓመት አንዴ ሁለቴ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ወይም ወደ ሐይቅ ከተማ ማውረድ ይቻላል። የቢሾፍቱዎቹ የእሳተ ገሞራ አፎች ስለሆኑ ዙሪያቸው በገደል ታጥሯል፤ ነፋሱ ገደሉን ተሻግሮ ሲወርድ እየተሽከረከረ ስለሚመጣ ለጀማሪ አሳሳች ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ጠዋት አድርጉት።

መጨረሻ ላይ ስለ ክብደት። ሰው ከጀልባ ክበብ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ በዋጋ ሳይሆን በሸክም ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን የ3 ሜትር ካያክ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች ይይዙታል። 60 ኪሎ የሚመዝን የፕላስቲክ የሸራ ጀልባ ግን አራት ጎልማሳ ይፈልጋል። ማስቀመጫው ከውሃው ራቅ ካለ ሁለት የብስክሌት ጎማ በአንድ አጭር የብረት ቱቦ አገናኙና ጋሪ ሥሩ፤ በጭቃ ውስጥ ቀጭን ጎማ ስለሚሰምጥ የሞተር ሳይክል ጎማ ከተገኘ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ሮቶ የሚሠራ ፋብሪካ ጀልባ መሥራት አይችልም? ወይስ አንድ ትልቅ ሮቶ ለሁለት ከፍሎ መቅዘፍ ይቻላል?
የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሁለተኛው አደገኛ ነው።

ካያክና ሮቶ የሚሠሩበት ዘዴ አንድ ነው። የተመዘነ የፖሊኢትሊን ዱቄት፣ ለአንድ ካያክ 22 ኪሎ ገደማ፣ በብረት ወይም በአሉሚኒየም ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመራል። ቅርጽ ማውጫው ተዘግቶ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ በሁለት አቅጣጫ እየተገላበጠ ይሽከረከራል። ዱቄቱ እየቀለጠ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። 22 ኪሎው የ3 ሜትር ቀፎ ላይ ሲዳረስ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይሰጣል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል።

የሚበላሸው የት ነው? ሙቀቱ ካነሰ የውስጡ ገጽ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ እንዲህ ያለ ቀፎ በመጀመሪያው ግጭት ይሰነጠቃል። ከበዛ ፕላስቲኩ ቢጫ ይሆናል፣ ይሸታል፣ እሱም ይሰባበራል። ተቻኩለው ካቀዘቀዙት ይጣመማል። ውሃ ማጠራቀሚያ ትንሽ ቢጣመም ማንም ልብ አይለውም፤ የተጣመመ ጀልባ ግን ቀዛፊው ምንም ቢታገል ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ሌላው ጣጣ የሹል ጫፎች መሳሳት ነው፤ ዱቄቱ አፍንጫውና ጅራቱ ድረስ በደንብ ላይደርስ ይችላል። ድንጋይ ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ አፍንጫውን ነው። ናሙናውን በመጋዝ ቆርጦ የአፍንጫውን ውፍረት መለካት ከማንኛውም ፈተና ይበልጣል።

አገር ውስጥ መሥራት የሚያዋጣበት ዋና ምክንያት ጭነቱ ነው። የ3 ሜትር ካያክ 22 ኪሎ ቢመዝንም 0.8 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል። የባሕር ጭነት በሚይዘው ቦታ ስለሚሰላ አስመጪው የሚከፍለው ለአየር ነው ማለት ይቻላል።

የተቆረጠ ሮቶ ግን ሥሩ ክብ በርሜል ነው፤ ሰው ሲደገፍበት ይንከባለላል። ፖሊኢትሊን ከውሃ የሚቀለው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ ከሞላው በኋላ ራሱን ብቻ ያንሳፍፋል እንጂ የተያዘበትን ሰው አያነሣም።

ጥያቄ፦ ጀልባ መግዣ ስለሌለን በጀሪካን መንሳፈፊያ ሠርተን ልንለማመድ ነው። ስንት ጀሪካን ይበቃል? ክረምት ላይ ጀማን ለመሻገርስ ይሆናል?
የወጣቶች ማኅበር አባላት፣ ከዓለም ከተማ

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ አይሆንም። ክረምት ላይ ጀማም ሆነ ገባሮቹ ግንድና ድንጋይ እያንከባለሉ ይወርዳሉ። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላይኛው አገር የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ጀሪካን ይቅርና ደህና ካያክም እዚያ ውስጥ የጀማሪ ነገር አይደለም።

ለጸጥተኛ ኩሬ ከሆነ ስሌቱ እነሆ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የራሱ ክብደት ሲቀነስ 19 ኪሎ ያህል ያነሣል። ሁለት ሰው 140 ኪሎ፣ የባሕር ዛፍ ወራጁ 40 ኪሎ፣ ድምሩ 180 ነው። ሁሌም እጥፉን ያዙ፦ 360 ለ19 ሲካፈል 19 ይሆናል፤ 20 ጀሪካን አድርጉት። አሥር አሥሩን በሁለት ረድፍ ደርድሩ፤ በረድፎቹ መካከል ባዶ ቦታ ትታችሁ አጠቃላይ ወርዱ ከ1.5 ሜትር እንዳያንስ። ሁሉንም መሐል ላይ ማጨቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለው አንድ ሰው ዳር ሲረግጥ ይገለበጣል።

ጀሪካኑ ውሃ ውስጥ ሽቅብ ስለሚገፋ ወራጁ ከላይ ሆኖ ይጫነው። በእጀታው ብቻ አትሰሩት፤ እጀታው ይበጠሳል። ገመዱ በሆዱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ይለፍ። ክዳኖቹ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት አስገቡ። አንድ ሌሊት ውሃ ላይ አሳድራችሁት ጠዋት እያንዳንዱን ነቅንቁ፤ የሚንቦጫቦጭ ካለ ለውጡት። ፀረ ተባይ የነበረበትን ጀሪካን አትንኩ።

መቅዘፊያ አናጢ ይሠራላችኋል፤ 2.30 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ 45 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ። ጠርዙ በደንብ ይለስልስ፣ ቀለም ይጠጣ።

ጥያቄ፦ ካያክ ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ ጣርማ በር ላይ ጀልባው እንደ ከበሮ ተወጥሮ አገኘሁት። ፋብሪካው ነው ያበላሸው?
ሹፌር

መልስ፦ ፋብሪካው ምንም አላጠፋም፤ ዳገቱ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ ቀፎው ውስጥ የታሸገው የቆላ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ1.5 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ከመነሣትዎ በፊት የውሃ ማፍሰሻውን ክዳን ይክፈቱ፤ ውሃ ላይ ከማውረድዎ በፊት መልሰው ይዝጉ። ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። ሲወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን የተዘጋ ቀፎ ቆላ ሲደርስ ሆዱ ይሰረጉዳል። በአየር የሚነፋ ጀልባ ከሆነ ዳገቱን ከመጀመርዎ በፊት ያስተንፍሱት፤ ካልሆነ ስፌቱ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ ይባላል። በጀልባ ላይ ያለ ሰው ውሃ ስለማይገባ ከበሽታው ይድናል አይደል? የሚነፋ ጀልባስ ለእኛ ይሆናል?
እናት፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ በአካባቢያችሁ ቢልሃርዚያ መኖሩ በተማሪዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የታወቀ ነው። ጀልባም ብቻውን አያድንም። ከላይ ያመሰገንነው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ እዚህ ላይ ድክመት አለበት፤ በወለሉ ቀዳዳዎች ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዛፊው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ላይ ይቀመጣል። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ በቆዳ በኩል ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑ የጎማ ቡሾች ስላሉ በእነሱ ይዝጉ።

ጥገኛውን የሚያሰራጨው የውሃ ቀንድ አውጣ የሚኖረው ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃና ሣር ባለበት ዳር ስለሆነ፣ አደጋው የሚበዛው ጀልባ ሲወርድና ሲወጣ ነው። ጠጠር ያለበት፣ ሣር የሌለበት መውረጃ ይምረጡ፤ የቦት ጫማ ያስለብሱ። የጥገኛው እጭ በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ ከከረረች በኋላ፣ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ስለሆነ በማለዳ መቅዘፍ ይሻላል። ወዲያው በፎጣ አሽቶ መድረቅ በመጠኑ ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ልጁ ውሃ ነክቶት ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያድርግ። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ በክብደት ስለሚለካ የጤና ባለሙያው ይወስናል።

የሚነፋው ጀልባ በግራር አገር ዕድሜ የለውም። አንዲት እሾህ ትበቃዋለች።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ብርዱ ጠንካራ ነው። ወንድሜ «ጂንስና ጃኬት ከለበስሽ በቂ ነው» ይለኛል። እውነት ነው? ላይፍ ጃኬትስ የግድ ነው?
ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ወንድምሽ ተሳስቷል። ጂንስ ጥጥ ነው፤ ሲርስ ይከብዳል፣ ሙቀትም ይወስዳል። እናንተ አገር ያለው የመንዝ በግ ጸጉር ከዚህ ይሻላል፤ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ትንሽ ሙቀት ይይዛል። ቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ ከላዩ ነፋስ የማያስገባ ነገር ልበሽ። በርኖስና ባና ውሃ ሲጠጡ ስለሚከብዱ ለጀልባ አይሆኑም። ጋቢሽን ግን በላስቲክ ቋጥረሽ ዳር ላይ ተዪው፤ ስትወጪ ትፈልጊዋለሽ።

ከመግባትሽ በፊት ውሃውን በቴርሞ ሜትር ለኪ። ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ካለ የሚስበው ውሃ ነው። ዋና የሚችልም ሰው በዚህ የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት የግድ ነው፤ አፍን ከውሃ በላይ የሚይዘው እሱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ባደረበት ጠዋት አትግቢ፤ ረፋዱ ላይ ይሁን።

ጃኬቱ ሲገዛ ውስጡ ስፖንጅ የሆነውን እንጂ በአየር የሚነፋውን አትምረጡ። 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ) የሚለው ዋና ለሚችልና ረዳት በቅርብ ላለው ነው፤ ዋና ለማይችል 100 የሚለውን። 50 የሚለውን ለመፈተን 5 ኪሎ ብረት አስረሽ ለአንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ተዪው፤ ከሰመጠ አትግዙት። ከዚያ ለብሰሽው ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ሽቅብ ይሳበው፤ ጆሮሽ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። ክበብ ገንዘብ ካጠረው ጀልባውን ይቀንስ እንጂ ጃኬቱን አይቀንስ፤ ጀልባ በፈረቃ ይያዛል።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ካያካችን ሥሩ ተሰንጥቆ በሲሊኮንም በኤፖክሲም ለጥፈነው ተላቀቀ። ምን እናድርግ?
ከአጣዬ

መልስ፦ ፖሊኢትሊን ላይ ሁለቱም አይዙም፤ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ መበየድ አለበት። መጀመሪያ ስንጥቁ ወዲያ እንዳይሄድ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ስንጥቁን በቢላ በቪ ቅርጽ ክፈቱ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ አድርቁ። ከጀልባው የማይጎዳ ቦታ፣ ለምሳሌ ከክዳን ጠርዝ፣ ቀጭን ክር ቁረጡ። በሙቅ አየር መንፊያ ክሩንም የስንጥቁንም ጠርዝ አንድ ላይ አሙቁ፤ ሁለቱም ሲያብረቀርቁ ብቻ ተጫኑት። ክሩ ብቻ ቀልጦ ከላይ ከተለጠፈ በጥፍር ይነሣል፤ የሚላቀቀውም በዚህ ነው። ጭስ ካያችሁ አቃጥላችሁታል፤ ራቅ አድርጉ። አንዳንድ ቀፎ ግን ሲሞቅ ይለሰልሳል እንጂ አይቀልጥም፤ እንዲህ ያለው አይበየድም። ከውስጥና ከውጭ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አድርጋችሁ፣ መሐሉ የጎማ ንጣፍ አስገብታችሁ በብሎን እሰሩት።

ስንጥቁ እንዳይመለስ አቀማመጡን አስተካክሉ። በሁለት ጫፉ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ላይ የዋለ ካያክ ወገቡ ይጎብጣል። ሁለት የባሕር ዛፍ ወራጅ አጋድሙ፣ አሮጌ ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት፣ ጀልባውን ጥላ ውስጥ በጎኑ አስተኙት። ከወራጁ እስከ መሬት አንድ ክንድ ይበቃል፤ አይጥ እንዳትገባበት ግን ክዳኑን ዝጉ።